የታሸገው በር ጠባቂ

ሟቹ የተገኘው መንግሥት ባሸገው ሱቅ ውስጥ ነው። ሰው በገዛ ቤቱ ይሞታል፣ መንገድ ላይም ይሞታል፤ በሽቦ ተጠፍሮ፣ በእርሳስ ተደፍኖ፣ ማኅተም ተመትቶበት ካደረ በር ጀርባ ለመሞት ግን ሞት ራሱ ፈቃድ ማውጣት የሚኖርበት ይመስላል።

ሱቁ ቀለምና የቤት ማጽጃ የሚሸጥበት ነው። የታሸገው ከሰዓት በኋላ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ሽቦውን የቆረጠው ራሱ ያሸገው ተቆጣጣሪ ነው፤ የተወረሰውን ዕቃ ሊያስጭን ጫኞች ይዞ መጥቶ። ከመጥረጊያና ከባልዲ ክምር በስተኋላ ጓጉንቸር የተንጠለጠለባት ጠባብ በር አለች። ተቆጣጣሪው ከትላንት ያስታውሳታል፤ ሻጯ “የተበላሸ ሽንት ቤት ነው” ስላለችው በሩቁ ተሰናብቷት ነበር። ዛሬ ግን ከጫኞቹ አንዱ ከበሩ ስር የወጣ እርጥበት የወለሉን ቀለም እንደ ድንች ሲልጠው አየ። ጓጉንቸሩን ሰበሩት።

ኢንስፔክተሩ ሲደርስ ሰው ሁሉ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ነበር፤ እሱ ብቻ እጁን ኪሱ ከቶ ገባ። ጀግንነት አይደለም። የቆየ ጉንፋን የማሽተት ችሎታውን ይዞበት ሄዷል፤ ሚስቱ “ያንተ አፍንጫ የመነጽር ማስቀመጫ ነው” ትለዋለች። ብዙ ሳይቆይ ወለሉ ከስሩ ሲሸሽ ተሰማው። ክንዱን ይዛ ወደ ውጭ የጎተተችው ሳጅኗ ናት። ጡረታዋ ደጃፍ ላይ የደረሰ ሴት ናት፤ ሰው ካልሰማት አለቃዋን “አንተ” ትለዋለች።

“ስላልሸተተህ አይገድልህም ያለህ ማነው?” አለችው፣ ቀስ ብላ።

ክፍሏ አንድ ሰው ክንዱን ቢዘረጋ ሁለቱን ግድግዳ የሚነካባት ናት። መስኮቷ በጡብ ተደፍኗል። ውስጥ ሰማያዊ በርሜል አለ፣ ከታች ቧንቧ የተገጠመለት፤ ቧንቧው በደንብ አልተዘጋም፣ አሁንም ያንጠባጥባል። ዙሪያውን ስም የሌላቸው ትናንሽ ጠርሙሶች። ሟቹ በደረቱ ተኝቶ፣ አፉን በበሩ ስር ካለችው ስንጥቅ ጋር ገጥሟል። የቀኝ እጁ ጣቶች አንጓ ላይ ቆዳው ተልጧል።

ሐኪሙ ሬሳውን አይቶ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ሰውየው የበርሜሉን ትነት እንደ ጭስ ቆጥሮት ነው አለ። ጭስ ሽቅብ ስለሚወጣ ሰው መሬት ይዞ ይተነፍሳል፤ ይሄኛው ግን ከአየር ይከብዳል፣ እንደ ውሃ ወለል ላይ ይተኛል። በርሜሉ ላይ ቢቆም ኖሮ ይሻለው ነበር፤ ለነፍሱ ብሎ የተኛበት ቦታ ነው የጨረሰው። መቼ እንደሞተ ሲጠየቅ ከመሸ በኋላ ነው አለ፤ ሱቁ ሲታሸግ ሰውየው በሕይወት ነበር።

በበርሜሉ ያለው የቀለም ማስለቀቂያ ነው። ያረጀ ቀለም ላይ ሲያፈሱት እንደ ምላጭ ስለሚልጥ ሰዉ “ላጩ” ይለዋል። በር ይላጭበታል፣ አልጋ ይላጭበታል፣ የገላ መታጠቢያ ገንዳ ይላጭበታል። ዝግ ክፍል ውስጥ ሰውም ይላጭበታል፤ ይህ ግን ጠርሙሱ ላይ አልተጻፈም። ጠርሙሱ ላይ ምንም አልተጻፈም። ሟቹ ከበርሜሉ ወደ ጠርሙስ የሚቀዳው የሱቁ ሠራተኛ ነበር፤ አንድ ጠብታ እንኳ ስለማያፈስ “ጠብታ” ይሉታል።

*

ባለሱቁ ከፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት ተቀምጦ ያለቅሳል። ደልደል ያለ፣ ሰው ሁሉ በደግነቱ የሚያነሳው ሰው ነው። ሻይ ቀረበለት፤ ማንኪያው ሳይያዝ የሚቆም እስኪመስል ስኳር ጨመረበትና እያማሰለ መለሰ። ጠብታ ትላንት ፈቃድ ወስዶ እንደነበር ያውቃል፤ መቼ ተመልሶ እንደገባ አያውቅም። እሱ ራሱ ቀኑን ሙሉ፣ ሌሊቱንም ጭምር፣ ቀዶ ጥገና የተደረገለት ወንድሙ አልጋ አጠገብ ነበር። መታሸጉን የሰማው ሻጯ ደውላለት ነው።

“አልመጡም?”

“መጥቼስ ጌታዬ? ማሸጊያ ላይ ላልቅስ? አንድ ጊዜም ወደዚህ ሰፈር አልረገጥኩም።”

የጓጉንቸሩ ቁልፍ የት እንዳለ ሲጠየቅ ከኪሱ አወጣው። ሌላ ቁልፍ የለም። እንግዲህ ቁልፉ ከእሱ ጋር ነበር፣ እሱ ደግሞ ወንድሙ ዘንድ ነበር። ያ ማለት ማንም አልቆለፈም። ሰውየው ግን ተቆልፎበታል።

ተቆጣጣሪው የተለየ ሐሳብ አለው። ቀጭን ሰው ነው፤ ሲናገር ክራቫቱን እየነካ። ያቺን ሴት ጠይቁ አለ። የትኛዋን? “የልጁን እናት” የሚሏትን። ላጩ ይታገድ እያለች ከመደብር መደብር፣ ከቢሮ ቢሮ ስትዞር የኖረች፤ ጥቆማውን የሰጠች፤ ሲታሸግም ደጃፉ ላይ ቆማ ያጨበጨበች። በሕዝብ ፊት ምን እንዳለች ሁሉም ሰምቷል።

“ምን አለች?”

“‘ከመርዙ ጋር ታሽጎ ይደር’ አለች። ከዚያ ወንበር አምጥታ በሩ ላይ ተቀመጠች። እስኪጨልም። ማንንም አላስቀርብ ብላ።”

“እርስዎ ሲያሽጉ ክፍሎቹን ሁሉ አይተዋል?”

ተቆጣጣሪው ክራቫቱን ነካ። “ሽንት ቤት ማየት የሥራ ድርሻዬ አይደለም” አለ።

ኢንስፔክተሩ ወደ ጣቢያው ሳይደርስ አዛዡ ደወለለት። ከላይ ተደውሎለታል። የላጩ ጉዳይ በሚቀጥለው ሳምንት ለቦርድ ይቀርባል፤ ቦርዱ ሊያግደው ነው ይባል ነበር፤ አሁን ሰው ሞተ። ሴትየዋ ዛቻ ተናግራለች፣ በሩን ጠብቃለች። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ዛሬ ፀሐይ ሳትጠልቅ አምጣት።

“እሷ ከታሰረች ቦርዱ ምን ያደርጋል?” ብሎ ጠየቀ ኢንስፔክተሩ።

“እሱ የኛ ሥራ አይደለም” አለ አዛዡ። ሳጅኗ በኋላ እንዳለችው፣ ዛሬ የማንም ሥራ ያልሆነ ነገር በዝቶ ነበር።

*

“የልጁ እናት” ልብስ ሰፊ ናት። ቤቷ አንድ ክፍል ነው፤ ግማሹ የስፌት መኪና፣ ግማሹ አልጋ። ጥግ ላይ ያለችው የመታጠቢያ ቤት በር በተደራረበ ጨርቅ ተዘግታለች፤ ማንም እንደማይገባባት ያስታውቃል። ልጇ የሞተው እዚያ ነው። የገንዳውን ያረጀ ቀለም አስለቅቄ አዲስ እቀባልሻለሁ ብሏት ገባ። ብርድ ስለነበር በሩን ዘጋው። እሷ ውጭ ሆና ትሰፋ ነበር፤ እያንጎራጎረ ሲሠራ ትሰማዋለች፤ ዝም ሲል ደከመው ብላ አሰበች።

ይህንን ስትናገር እጇ ሥራውን አላቆመም። ከዚያ በኋላ ሌሎች እናቶችንና ሚስቶችን አሰባስባ መዞር ጀመረች። ትላልቆቹ መደብሮች መጀመሪያ በጥበቃ አስወጧት፤ ቀጥሎ ሥራ አስኪያጅ አነጋገራት፤ ቀጥሎ አንዱ ከመደርደሪያው አወረደው፤ አንዱ ሲያወርድ ሌላው አፈረ። ቢሮው ግን “በጥናት ላይ ነው” አላት። በጥናት ላይ ያለ ነገር ተጠንቶ እስኪያልቅ ይሸጣል። ከመደብሮቹ የወረደው ሁሉ ስሙ ተልጦ በትናንሽ ጠርሙስ እዚህ ሱቅ ገባ። ተቆጣጣሪውን በየትኛው በር እንደሚወጣ እስክታውቅ ድረስ ኮሪደር ላይ ጠብቃ፣ እጁን ይዛ እንደማምጣት አድርጋ አመጣችው።

ኢንስፔክተሩ ስለ ንግግሯ ጠየቃት።

“ብያለሁ” አለች። “ዕቃውን ነው ያልኩት። ሱቁ ታሽጎ ይደር ነው ያልኩት። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ፣ ልጄ። ሰው እንዳለበት በምን ልወቅ?”

ለምን እንደተቀመጠች ሲጠይቃት ፈገግ አለች፤ ደስ የማይል ፈገግታ። በሌላ ሰፈር ያለ ሱቅ ታሽጎ ማታ በጓሮ ዕቃውን አውጥተውታል፤ ቢሮው በማግስቱ ባዶ መደርደሪያ ነው የወረሰው። ይሄ ሱቅ ጓሮ የለውም። በሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ካለ አለቀ። ደግሞም ልክ ነበረች፤ አመሻሹ ላይ ባለሱቁ ራሱ መጥቶ ነበር።

“ባለሱቁ?”

“እሱ ራሱ። ‘እትዬ፣ የስኳር በሽታዬ መድኃኒት ውስጥ ቀርቷል፣ ማሸጊያውን ትንሽ ፈትቼ ልመልሰው’ ይለኛል። ‘ነገ ከመንግሥት ጋር ና’ አልኩት። ለመነኝ። እግሬ ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ብልጥ! ለመድኃኒት እንደዚያ የሚለምን አይቼ አላውቅም።”

ሌላ ምን እንዳየች፣ ምን እንደሰማች ጠየቃት። ምንም። ውስጥ የተረሳ ስልክ አልፎ አልፎ ይጮህ ነበር። ጎረቤት ቆርቆሮ ሠሪው ይቀጠቅጣል። ከዚያ እሱም ተወው፣ እሷም ሲጨልም ልጆቼ የምትላቸው ጎረቤቶች መጥተው ወሰዷት።

*

ስልኩ ከሱቁ መሳቢያ ውስጥ ተገኘ። ያገኘው ማንም አይደለም፤ ራሱ ጮኸ። ኢንስፔክተሩ ሻጯን እዚያው ባንኮኒው ጋ አቁሟት፣ እሷ ጠብታ ትላንት ከምሳ በፊት እንደወጣ ለሦስተኛ ጊዜ እያስረዳችው ነበር። ልጅቷ የባለሱቁ የእህት ልጅ ናት፤ እናቷ ስትሞት እሱ ነው ያሳደጋት። መሳቢያው ውስጥ አንድ ነገር ተንቀጠቀጠና መጮህ ጀመረ። ሳጅኗ ከፈተችው። መስታወቱ ላይ “ቤቴ” ይላል። የጠብታ ሚስት ናት፤ ባሏን ማግኘት አቅቷት ከትላንት ጀምሮ ትደውላለች።

“ስልኩን ትቶ ነው የወጣው?” አለች ሳጅኗ። ማንም አላነሳውም። ጮኾ ጮኾ ዝም አለ።

ልጅቷ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ከዚያ ወዲያ ለማስቆም ነበር የሚያስቸግረው። ተቆጣጣሪ ሊመጣ ነው ሲባል ሥራቸው የታወቀ ነው። ጠብታ ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጣል፣ ውስጥ እንዳይጮህ። በርሜሉ ያለበት ክፍል ይገባል፣ መብራት ያጠፋል። እሷ ጓጉንቸሩን ከውጭ ጠቅ ታደርገዋለች፣ ያልተከፈተ አሮጌ በር እንዲመስል። ለመዝጋት ቁልፍ አያስፈልግም፤ ለመክፈት ነው የሚያስፈልገው። እንግዶቹ ሲሄዱ ሬዲዮ ትከፍታለች፤ ሬዲዮ እስኪሰማ ጠብታ አይተነፍስም። አጎቷ መጥቶ ይከፍትለታል፤ ይሳሳቃሉ፤ ሻይ ይጠጣሉ። ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር። ትላንት ግን ተቆጣጣሪው ፍተሻውን ጨርሶ በመሄድ ፈንታ “ውጡ” አለ። ተገፍታ ወጣች። ዞር ስትል ሽቦ እየታሰረ ነው። ሬዲዮውን የሚከፍት ሰው የለም።

“ለምን አልተናገርሽም?”

“ፈራሁ።”

“ለአጎትሽስ?”

ልጅቷ ወለሉን አየች። “አልነገርኩትም” አለች። “እኔ ነኝ። እሱ ምንም አያውቅም። እኔ ብቻ ነኝ።”

*

አዛዡ ደስ አለው። ከሴትየዋ ይልቅ ልጅቷ ትቀላለች፤ የተናዘዘች ናት። ከፈለግህ ሁለቱንም፤ አንዷ ቆለፈች፣ አንዷ ጠበቀች። ኢንስፔክተሩ ቢሮው ገብቶ መስኮቱን ሊከፍት ሞከረ። አይከፈትም። ባለፈው ዓመት ቀለም የቀቡት ሰዎች ከነፍሬሙ ደፍነውታል። የጥገና ክፍሉ መፍትሔውን በቃል ነግሮት ነበር፤ ትንሽ ላጭ አፍስስበት ብሎ።

ሳጅኗ ከበሩ ተደግፋ ቆመች።

“እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ” አለች። “እኔ ሱቄ ታሽጎ መድኃኒቴን ልወስድ ብመጣ፣ በማግስቱ ፖሊስ ሲጠይቀኝ ‘አልመጣሁም’ እላለሁ?”

“አትይም።”

“ለምን ይዋሻል? መድኃኒት መለመን ወንጀል ነው?”

“ለመድኃኒት አልመጣማ” አለ ኢንስፔክተሩ፤ ሲናገረው ነው የገባው። “ስኳር ያለበት ሰው ሻዩን እንደዚያ አድርጎ አይጠጣም።”

ወደ ባለሱቁ ወንድም ቤት ሄዱ። በሽተኛው ከትራስ ክምር ላይ ሆኖ ወንድሜ ከጎኔ ለደቂቃ አልተለየም ብሎ ማለ። የወንድምየው ሚስት ምግብ ልታቀርብ ሦስት ጊዜ ተነሳች፤ ሦስት ጊዜም ሳጅኗ አስቀመጠቻት። ኢንስፔክተሩ ለበሽተኛው ዛሬ ቀኑ ምን እንደሆነ ጠየቀው። ሰውየው አሰበ። ቀዶ ጥገና የተደረገለትን ቀን ተናገረ። ከማደንዘዣና ከማስታገሻ ገና አልወጣም፤ ትላንትን እንደ አንድ ረጅም እንቅልፍ ነው የሚያውቃት። ሚስቱ መሬት መሬት አየች።

“አመሻሽ ላይ ወጣ ብሎ ነበር” አለች በመጨረሻ። “ልጅቷ ደውላለት። ሲመለስ አልበላም።”

እንግዲህ ነገረችው። እሱም መጣ። ግን መምጣቱ ምን ያረጋግጣል? ይህን ሁለቱም መኪናው ውስጥ አሰቡት። ጠብታን ሊያወጣ መጥቶ፣ በር ላይ ሴት ስላገኘ ተመለሰ። ‘ልጅቷ ነግራኝ ነበር፣ ግን ሰውየው የሆነ መውጫ ያገኛል ብዬ አሰብኩ፣ ዝምም ስላለ የወጣ መሰለኝ’ ይላል። በዚህ አፉ፣ በዚህ እንባው፣ ያምኑታል። ልጅቷ ትቀራለች።

ወደ ሱቁ ሲመለሱ የቆርቆሮ ሠሪው ቤት ክፍት ነበር። የባልዲ ጆሮ እያጠፈ ያገኙት ሽማግሌ ትላንት ምን እንዳየ ሲጠይቁት ሳቀባቸው። ምን ያያል? ተቆጣጣሪ መጣ ሲባል መንገዱ በሙሉ ነው በሩን የዘጋው። ዳቦ ቤቱ ዘጋ፣ ጫማ ሰፊው ዘጋ፣ እሱም መዶሻውን ጥሎ ወደ ቤቱ ነካው።

“እኔ የሚታሸግ ነገር የለኝም” አለ። “ግን ማሸጊያ በእጁ የያዘ ሰው ፊት ምን ይከራከሩታል?”

“ተመልሰህ አልሠራህም? አመሻሽ ላይ?”

“ዛሬ ነው የከፈትኩት።”

ሳጅኗ ኢንስፔክተሩን አየችው። እሱ የሱቁን ግድግዳ እያየ ነበር።

*

ልብስ ሰፊዋ ቤት ሲደርሱ ኢንስፔክተሩ መኪናው ውስጥ ትንሽ ቆየ። ሳታውቀው የሚጠይቅበት መንገድ ፈለገ። ጥያቄውን ከየትኛውም ጎን ቢያዞረው ስለት ነበረው።

ስፌቷን አላቋረጠችም። ተቀመጥ አለችው፣ አልጋው ላይ ተቀመጠ።

“ትላንት ቆርቆሮ ሠሪው ይቀጠቅጥ ነበር ብለውኛል።”

“አዎ።”

“ቆርቆሮ ሠሪው እንደሆነ በምን አወቁ?”

“ባለሱቁ ነዋ ያለኝ። እየለመነኝ ሳለ ነው የጀመረው። ደም ሥሩ ሲገተር አየሁት፤ ‘ይሄ ቆርቆሮ ሠሪ ደግሞ ዛሬ እንኳ ነፍሴን ባያስጨንቃት’ አለኝ። ከዚያ ወዲያው ሄደ። ሳይሰናበተኝ...”

የስፌት መኪናው መርገጫ ቆመ። ክሩ በመርፌው እንደተወጠረ ቀረ። ከመንገድ የሚሰማው ድምፅ ሁሉ ወደ ክፍሉ ገባ።

“ቆርቆሮ ሠሪው አልነበረም” አለች። ጥያቄ አልነበረም።

“ከሰዓት በኋላውን ዘግቶ ሄዷል።”

ወደ መታጠቢያ ቤቷ በር አላየችም፤ ላለማየት አንገቷን እንደያዘችው ግን ያስታውቅ ነበር። ኢንስፔክተሩ ያዘጋጀውን ተናገረ፣ ሌላ ሰው እንደሚናገርለት ሁሉ። ማንም አያስገድዳትም። ይህን ቃል ካልሰጠች ባለሱቁ አላውቅም ብሎ ይወጣል፣ ልጅቷ ብቻ ትታሰራለች። ከሰጠች ደግሞ የሰጠችውን ሁሉም ይሰማዋል።

“ቦርዱ ምን ይላል?” አለች።

“‘ሴቶቹ በር ጠብቀው ሰው አስገደሉ’ የሚል ይኖራል። ሻጮቹ ይሄንኑ ይዘው ይሄዳሉ።”

“ዝም ካልኩስ?”

“ምናልባት በሚቀጥለው ሳምንት ያግዱታል።”

ይህን እውነት ባይነግራት ይወድ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ጨርቁን አጥፋ አስቀመጠችው።

“ልጄ ዝም ሲል ደከመው ብዬ ነው ያሰብኩት” አለች። “ይሄኛው ዝም አላለም። ነግሮኝ ነበር። ጻፍ።”

*

ባለሱቁ የሷ ቃል ሲነበብለት ማልቀሱን አቆመ። ያለ እንባ ፊቱ ሌላ ሰው ይመስል ነበር። አልካደም። ሲጨልም ተመልሼ በጨለማ ማሸጊያውን ልሰብር ነበር አለ። ሲያንኳኳ ሰምቻለሁ፤ በሕይወት እንዳለ ስለሰማሁ ልቤ ተረጋጋ፣ ይቆያል አልኩ። እዚያው ብናገር በርሜሉ ይገኛል፣ ክፍሉ ይገኛል፣ ሱቁ ያልቃል፣ ልጅቷም ትያዛለች። ለልጅቷም ‘ወጥቷል፣ ተኚ’ ብዬ ደወልኩላት። ማታ ስመለስ...

“ማታ ስትመለስ?”

“ዝም ብሎ ነበር” አለ። “ከዚያ በኋላ ማሸጊያውን መስበር ለምን ይጠቅማል?”

ኢንስፔክተሩ ብዙ ወንጀለኛ አይቷል። ይሄኛው ጥያቄውን ከልቡ ነበር የጠየቀው፤ መልስ የሚጠብቅም ይመስል ነበር።

ከሰዓት በኋላ ከቢሮው መልእክት መጣ። የተቆጣጣሪው አለቆች በተፈጠረው ሁኔታ በጥልቅ አዝነው የቦርዱን ስብሰባ ላልተወሰነ ጊዜ አራዝመውታል። ላጩ በጥናት ላይ ይቆያል።

የጠብታ ሚስት ኮሪደሩ ላይ ነበረች። ሬሳውን ለይታ ጨርሳለች፤ የሚፈረም ነገር አለ ተብላ እንድትጠብቅ ተነግሯታል፤ ምን እንደሚፈረም የነገራት የለም። ቀጭን ልጅ እግር ሴት ናት፣ ነጠላ ጫማ አድርጋ የመጣች፤ ቦርሳዋን ሆዷ ላይ ይዛለች። ልብስ ሰፊዋ ቃሏን ፈርማ ስትወጣ አየቻት። ኢንስፔክተሩ በሌላ በር ሊያስወጣት ፈልጎ ነበር፤ ክንዷን ሊይዝ ሲል እጁን በቀስታ መለሰችለትና ሄዳ ከጎኗ ተቀመጠች።

“አንቺን እኮ አላውቅሽም” አለች የጠብታ ሚስት።

“በሩ ላይ የነበርኩት ነኝ።”

ሴትየዋ አየቻት። ሳጅኗ ከጠረጴዛዋ ተነሳች፣ የሚመጣውን ለመገላገል። ምንም አልመጣም። ሁለቱም የፊት ለፊቱን ግድግዳ አዩ።

“አንኳኳ?”

“አንኳኳ።”

“ብዙ?”

“ብዙ።”

ሚስትየዋ ራሷን ነቀነቀች፣ ዋጋ እንደተነገረው ሰው። ከዚያ ስለ ባሏ መናገር ጀመረች። ጠንቃቃ ነበር አለች። ከበርሜሉ ስር የሚቀረውን፣ ከማሰሮ እንደሚተርፍ ወጥ ሁሉ፣ ለቤት ያመጣዋል። ለሰፈር ሰው ይሰጣል፣ ራሱም ይሠራበታል። ጠርሙሶቹን አልጋ ስር ነው የሚያስቀምጣቸው። ትላንት ጠዋት አንዱ ክዳኑ ላልቶ ነበር፤ ማታ አጠብቀዋለሁ ብሎ ወጣ።

ልብስ ሰፊዋ ፊቷን አዞረች። “ልጆች አሉሽ?”

“ሁለት።”

“የት ናቸው አሁን?”

“ቤት። ፖሊስ ነይ ሲለኝ ማን ጋ ልተዋቸው? እንዳይወጡ ቆልፌባቸው ነው የመጣሁት።”

ልብስ ሰፊዋ ቀድማ ቆማ ነበር። ሳጅኗ የመኪናውን ቁልፍ ከኢንስፔክተሩ ጠረጴዛ ላይ አንስታ “የትኛው ሰፈር ነው?” እያለች ነው፤ ሚስትየዋ ግን መልስ ለመስጠት እንኳ አልቆመችም፣ ነጠላ ጫማዋን በኮሪደሩ ጥላ ሮጠች።